መስከረም ላይ ጎርጎራ ለምትወርዱ ዓሣ አጥማጆች

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የወለቃ ልጅ ልቡ ሁለት ቦታ ይሄዳል። አንደኛው ወደ ላይ፣ በዳባት በደባርቅ መንገድ፣ አደይ አበባው መሐል ፎቶ ለመነሳት። ሁለተኛው ወደ ታች፣ ወደ ጣና። ዛሬ ስለ ታችኛው እናውራ። መንጠቆና ክር ይዞ፣ ከአዘዞ ታጥፎ፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ ጎርጎራ መውረድ ለሚያምረው ሰው መስከረም አሪፍ ወር ነው። ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማልዶ የተነሳ ሰው በቀኑ ይመለሳል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ከመነሳታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንነጋገር። መስከረም ላይ እዚያ አካባቢ ዓሣ በሁለት ቦታ ይገኛል፦ ሐይቁ ውስጥ እና ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች አፍ ላይ። ወንዙ ላይ ያለው በብዛትም በቅለትም ያስንቃል። ስልካችሁ ላይ አንድ ልጅ በአንድ ጠዋት ጆንያ ሙሉ ዓሣ ሲጎትት ካያችሁ፣ ቦታው ወንዝ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እኔ የምላችሁ ሐይቁ ጋ ቁጭ በሉ ነው። ምክንያቱን ወረድ ብለን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ሐይቁ ላይ እንዴት እንደሚያዝ።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር አካባቢ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ። መስከረም ላይ ውኃው ሞልቶ ዳር ዳሩን ያለውን ሣር ይሸፍናል፤ ቆሮሶም እዚያው ሣሩና ደንገሉ አጠገብ፣ ሞቅ ያለው ውኃ ላይ ይውላል። ስለዚህ ለቆሮሶ ጀልባ መከራየት ግድ አይደለም። የሸምበቆ ዘንግ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ከላይ ቁራጭ ቡሽ፣ ከታች ክብደት እንዲሆን አንዲት ዳዶ፤ በቃ። መንጠቆው ላይ የምድር ትል ወይም ጠንከር ብሎ የተቦካ ሊጥ ይደረጋል። በዚህ ወር ውኃው ከደጋው በመጣ አፈር ደፍርሶ ስለሚቆይ ዓሣው ማጥመጃውን ከሩቅ አያየውም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ለሰዓታት አትድረቁ፤ ካልነካላችሁ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ በሉ። ፀሐይ ውኃውን ማሞቅ ስትጀምር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ቆሮሶ ይነቃል። ከሰዓት በኋላ ግን ንፋሱ ይነሳና ሐይቁ መታመስ ይጀምራል። ታንኳ ላይ ለመውጣት ያሰበ ሰው ጠዋቱን ይጠቀምበት፤ ዋና የማይችል ሰው ደግሞ ጭራሽ አይውጣ።

ቆሮሶን በመንጠቆ መያዝ ሌላም ጥሩ ጎን አለው። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። ጫጩቶቹ ወጥተው እስኪጠነክሩ ድረስ አፏ ሥራ ላይ ስለሆነ አትበላም ማለት ይቻላል። የማትበላ ዓሣ ደግሞ መንጠቆ አትነክስም። መረብ ግን እንዲህ አይመርጥም፤ እናትም ልጅም ይዞ ይወጣል።

አምባዛ ሌላ ዓለም ነው። ሲመሽ ይንቀሳቀሳል፣ በሽታ ይፈልጋል፣ የሥጋ ቁራጭ ወይም የዓሣ ሆድዕቃ ይወዳል፣ ድፍርስ ውኃ ደግሞ ግድ የለውም። ከውኃ ወጥቶም አየር መተንፈስ ስለሚችል ሞተ ብላችሁ ስትነኩት ይፈራገጣል። ከራሱ ግራና ቀኝ፣ ክንፎቹ ሥር፣ ስለት ያለው እሾህ አለ፤ በጨርቅ ካልሆነ በባዶ እጅ አትያዙት።

ስለ ጤና በአጭሩ፦ በባዶ እግር ውኃው ውስጥ አትንከራተቱ፤ ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። እኛ ደገኞች ወባን እንረሳታለን፣ ደምቢያ ግን ከክረምት መልስ የወባ ወቅት ነው። ለማደር ካሰባችሁ አጎበር ያዙ። ጉማሬ ያለበት ቦታ የአገሬውን ሰው ሳትጠይቁ ታንኳ አትግፉ። ዓሣውንም አብስላችሁ ብሉ፤ ጥሬውን የሚወድ ጓደኛ ቢኖራችሁም።

እሺ፣ ወደ ወንዙ እንምጣ።

ጣና ውስጥ በተለምዶ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ ብለው የሚጠሩት ወገን ሲሆን፣ ጣና ውስጥ ብቻ 17 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። አንደኛው ስሙ ራሱ ጎርጎሬንሲስ ነው፣ ጎርጎሬው እንደማለት። የሚገርመው ደግሞ ከእነዚህ ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ መሆናቸው ነው፤ ይህ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም እኮ! ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ የሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበረው፤ እዚያ አብዛኞቹ ዝርያዎች ጠፍተዋል። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ሳይፈርስ የቀረበት ሐይቅ ሲሉ የሚጠሩት ጣናን ነው።

እነዚህ ዓሦች ኑሯቸው ሐይቅ ነው፣ ከፊሎቹ ግን የሚወልዱት ወንዝ ላይ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ንጹሕ፣ ፈጣንና ጠጠራማ ውኃ እስኪያገኙ ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን ጠጠሩ መሐል ጥለው ይመለሳሉ። ጊዜው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ውስጥ ሲሆን ነሐሴና መስከረም ዋናዎቹ ናቸው። በምሥራቅ በኩል ጉማራና ርብ ይታወቃሉ። በእኛ በኩል መገጭ እና ድርማ አሉ፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በሁለቱ ወንዞች ላይ ይህንኑ ጉዞ አጥንተዋል። ነጭ ዓሣ እንደ ቆሮሶ ቶሎ ቶሎ አይወልድም። ለመውለድ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የዓመቱን ወላጅ በሙሉ በአንዲት ጠባብ በር ላይ ቆሞ ይለቅማል። ቢቀለው ምን ይገርማል!

ውጤቱም ታይቷል። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና የገቡት በ1978/79 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው የደንገል ታንኳ ነበር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት የነጭ ዓሣው ክምችት 75 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሐይቁ ውስጥ የሚኖሩት ቆሮሶና አምባዛ ግን እንደዚያ አልተመቱም። ያው ሐይቅ፣ ያው ጀልባ፤ ልዩነቱ ወንዝ ላይ የሚወልደው ወገን በመውለጃው ወር መያዙ ነበር። ዛሬ ደግሞ ርካሽና ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ተጨምሯል።

የገበያውም ነገር አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሳውም፤ ሻይ ቤት ጨርሱት። የሚበላው ሰው ብዙ መሆኑ ግን አይካድም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለ15 ቀን ነው፤ ነጭ ዓሣዋ ሆዷን ሞልታ ወንዝ አፍ ላይ የምትቆመውም ልክ በዚያው ሰሞን ነው። ፈላጊው ሲጨምር ዓሣዋ ደግሞ በቀላሉ ትገኛለች።

ወለቃና ጎንደር ቁጭ ብለን ይሄ የደምቢያ ሰው ጉዳይ ነው ማለትም አያዋጣም። በከተማችን የሚያልፉት ቀሐና አንገረብ መጨረሻቸው መገጭ ነው። (ይሄ ትንሹ አንገረብ ነው፤ ትልቁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን የሚወርደው ሌላ ወንዝ ነው።) እዚህ የጣልነው ፕላስቲክ፣ ከተራቆተው ተራራ የታጠበው አፈር፣ እዚያ ጠጠሩ ላይ ይተኛል። እንቁላል ደግሞ ደለል ሲጫነው ይታፈናል። እምቦጭም በ2004 ዓ.ም. ገደማ መጀመሪያ የታየው በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ በኩል ነበር።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ያደርገዋል ካላችሁ፣ ሚኒሶታ ያለ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት። እዚያ በመስከረም ሰው ዋልአይና ክራፒ የሚባሉ ዓሦችን ለመያዝ ሐይቅ ዳር ይሰለፋል፤ ውኃው መቀዝቀዝ ሲጀምር ዓሦቹ ከክረምቱ በፊት በደንብ ይበላሉና። ዋልአይ የሚራባው ግን በፀደይ ነው። ስለዚህ በአብዛኞቹ ሐይቆች ከየካቲት ግድም እስከ ግንቦት አጋማሽ ዋልአይ ማጥመድ ክልክል ነው፤ በተፈቀደውም ጊዜ አንድ ሰው ይዞ የሚሄደው በቁጥር የተወሰነ ነው። ማጥመጃው በተከፈተ ቀን ሰዉ እንደ በዓል ነው የሚወጣው። የእኛ መስከረም ለነጭ ዓሣ እንደ እነሱ ሚያዝያ ነው ማለት ነው።

እኛም ሕግ የለንም እንዳይመስላችሁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ዓሣን በመርዝና በፈንጂ መያዝ የተከለከለ ነው። መርዝ ሲባል የፋብሪካ ብቻ አይምሰላችሁ። ብርብራ የምናውቀው ዛፍ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲነዛ ዓሣው ኦክስጅን መጠቀም ያቅተዋል፣ ሰክሮ ይንሳፈፋል። የሚሰበስበው ሰው ትልልቁን ይለቅምና ይሄዳል፤ ገና የተፈለፈሉት ትንንሾቹ እዚያው ይቀራሉ።

ሳታጠምዱ ገዝታችሁ የምትመለሱም አላችሁ፤ ለናንተ አንዲት ዘዴ። መስከረም ላይ ሻጩ ነጭ ዓሣ ካቀረበላችሁ ሆዷን በአውራ ጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉ። እንቁላል ከወጣ ወንዝ አፍ ላይ፣ ለመውጣት ስትዘጋጅ የተያዘች መሆኗን ጠርጥሩ። ወንድሜ፣ ቆሮሶ ካለህ አምጣ፣ ካለበለዚያ አምባዛ ይሻለኛል በሉት። ለጉላሽ ከሆነ እንዲያውም አምባዛው ሥጋው ወፍራም ነው፣ እሾሁም አያስቸግርም።