እንግዳው ሲሄድ ምን ይቀራል?

ስለ አገር እድገት በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ «የውጭ አገር ካፒታል ይግባ እንጂ ሥራም እንጀራም ይገኛል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ላሟ የኛ፣ ወተቷ የሰው!» ብሎ ይመልስለታል። ክርክሩ ከምግብ አዳራሽ ተነሥቶ እስከ መኝታ ክፍል ይከተለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማስረጃ ሳይቀርብበት በእንቅልፍ ይፈታል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለአንዱም ወገን ሳናደላ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ቀጥተኛ የውጭ ኢንቨስትመንት የሚባለው ምንድን ነው? ብድር አይደለም፤ ርዳታም አይደለም። የውጭ አገር ኩባንያ ገንዘቡን፣ መሣሪያውንና የሥራ አመራሩን ይዞ መጥቶ ፋብሪካ ወይም እርሻ ሲያቋቁም፣ ወይም ነባሩን ገዝቶ ሲያስተዳድር ነው። ብድር ቢከስሩበትም ይከፈላል፤ እዚህ ግን ኪሳራው የባለ ገንዘቡ ነው፤ ትርፉም እንዲሁ የእርሱ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ያፈራው ሁሉ በአገር ውስጥ ምርት ሒሳብ ቢጻፍም፣ ለባዕዱ ባለቤት የሚደርሰው ትርፍ ከሕዝቡ ገቢ ላይ ይቀነሳል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ አንድ መቁጠር የብዙ ክርክር ስሕተት ምንጭ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ወንጂ እንሂድ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ፣ በኢንዶኔዥያ የነበረው የእርሻ ሥራ ሲናጋበት፣ በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር ሸንኮራ ተከለ። ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማውጣት ጀመረ፤ በኋላም የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች ተጨመሩ። ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሜዳው የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬት ነበረ፤ ከፍተኛውንም የአመራር ሥራ ለብዙ ጊዜ የያዙት ሆላንዶቹ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሸንኮራው ከአገሩ አፈር የበቀለ ነው፤ ስኳሩም ከውጭ ይገባ የነበረውን የተካ ነው፤ መሣሪያውን የሚያድሰውና ጭማቂውን የሚያፈላውም ቀስ በቀስ የአገር ልጅ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎቹን ሲወርስና ኩባንያው ሲሰናበት ሥራው በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጠለ። ባለ ካፒታሉ ሄደ፤ ሙያው ቀረ።

ከወንጂ ወደ ሐዋሳ ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። መንግሥት ሕንፃውን አሠርቶ፣ መብራቱን አስገብቶ፣ የግብር እፎይታ ሰጥቶ ጠበቀ፤ ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያም ዋነኛው እንግዳ ሆነ። አጎዋ በሚባለው ሕግ ልብሱ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ሥራ አገኙ። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገለጸ። ጨርቁና ክሩም በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ በ10 ዶላር ከሚሸጥ ሸሚዝ 7ቱ ከውጭ ለሚገባ ጨርቅ ቢከፈል፣ ደመወዙም የመብራቱ ሒሳብም የባለቤቱም ትርፍ የሚወጣው ከቀሩት 3 ዶላር ነው። በመጨረሻ፣ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ልታስወጣ ስትል፣ ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥ መጨረሻም አገራችን ከአጎዋ ወጣች። ስፌት የለመደች ልጅ ስፌቱን ይዛ ቀርታለች፤ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ጨርቁ ከየት እንደሚታዘዝ፣ ዋጋው እንዴት እንደሚቆረጥ ግን ከእንግዳው ጋር አብሮ የሄደ እውቀት ነው።

«ታዲያ ልብስ ስፌት አገር አያሳድግም ማለት ነው?» የሚለን ቢኖር፣ ባንግላዴሽን እናሳየዋለን። በ1971 ዓ.ም. ደሽ የተባለ የአገሩ ሰው ኩባንያ ዴዉ ከተባለው የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ፣ 130 ያህል ሠራተኞቹን ለወራት ኮሪያ ልኮ አሠለጠነ። እነዚህ ሰዎች የተማሩት መርፌ ማስገባት ብቻ አልነበረም፤ ፋብሪካ ማስተዳደርን፣ ጥራት መቈጣጠርንና ገበያ ማፈላለግን ጭምር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ከደሽ ወጥተው የየራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፣ ወይም የሌሎችን አቋቋሙ። ልብ እንበል፤ ባንግላዴሽም ስትጀምር ጨርቁ ከውጭ ነበር፤ ደመወዙም ትንሽ ነበር። ልዩነቱ ሙያው ከላይ እስከ ታች በአገሩ ሰው እጅ መግባቱ ነው። ዛሬ ባንግላዴሽ ልብስ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚዎች አንዷ ናት።

ይህንኑ ሐሳብ የሊቃውንት ጥናትም ይደግፈዋል። ቦረንስታይን፣ ደ ግሬጎሪዮና ሊ የተባሉ የኤኮኖሚ ተመራማሪዎች በ1990 ዓ.ም. ስለ 69 አዳጊ አገሮች ባወጡት ጥናት፣ የውጭ ካፒታል እድገትን የሚያፋጥነው ተቀባዩ አገር አዲሱን ጥበብ ሊቀበል የሚችል የተማረ ሰው በበቂ ሲኖረው መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲህ ጉዳዩ የሚኒስቴሮች ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የባንክ ሥራ ለውጭ ባለ ካፒታል የሚከፈትበትን ሕግ አጽድቋል። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ በእነዚህ ኩባንያዎች በር እንቆማለን። ያን ጊዜ «ስንት ሚሊዮን ዶላር መጣ?» ብሎ ማጨብጨብ ወይም ማኵረፍ አይበቃም። ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ከአገር ውስጥ ምን ይገዛል? ከተራ ሠራተኛ በላይ ማንን ያሠለጥናል? ነገ ቢሄድ ሥራውን ማን ይቀጥለዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «እኛ» እንዲሆን፣ ውሉ ሲፈረም የሥልጠናው ግዴታ በጽሑፍ መግባት አለበት፤ እኛም ከኩባንያው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ከነምስጢሩ ለመውሰድ ተዘጋጅተን መግባት ይኖርብናል። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ ብዕሩን አንሥቶ በሚቀጥለው እትም ቢመልስልን ደስታችን ነው።