በመሥሪያ ቤት መዋጮና የልብ ምጽዋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከሰንበት መርሐ ግብር በኋላ አንዲት እኅት ቀርባ ያነሣችው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆነን። እኅታችን የምትተዳደረው በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ነው። ለተቸገሩ ወገኖች እርዳታ ሲሰበሰብ የሠራተኞች ስም የተዘረዘረበት ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል። ከላይ የኃላፊው ስምና 3000 ብር ተጽፏል፤ ከዚያ በታች የሌሎቹ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ የእርሷ ስም ከነባዶ መሥመሩ። «መምህር፣ አፍሬ 500 ብር ጻፍሁ። በዚያ ወር ግን ለእናቴ የምልክላትን ሳልልክ ቀረሁ። ይህ ምጽዋት ሆኖ ይቆጠርልኛል ወይስ በእናቴ ላይ በደል ሆነብኝ?» አለችን።

ወዲያው መልስ አልሰጠናትም። ጥያቄው የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለንና። በመጋቢት 2009 ዓ.ም በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ወገኖቻችን ባለቁ ጊዜ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ብዙዎች በተቀበሩ ጊዜ፣ ሠራተኛው በየመሥሪያ ቤቱ እጁን ዘርግቷል። (የሕዳሴው ግድብ በ2003 ዓ.ም ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኞች የወር ደመወዛቸውን ከፋፍለው የገዙት ቦንድ ግን ብድር እንጂ ምጽዋት አይደለምና ከዚህ ለይተን እናየዋለን።) ከዚህ ሁሉ ቸርነት ጋር ግን በብዙ ሠራተኞች ልብ ውስጥ የማይነገር ቅሬታ አለ። ቅሬታውን ሁሉ ንፍገት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የሟች ወንድሙን ልጆች በቤቱ የሚያሳድግ ሰው በዚያ ወረቀት ላይ «ያልሰጠ» ሆኖ ይታያል። ሌላው ያዋጣው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ የነገረው የለም። ሌላው ደግሞ ከሠራተኛው ኪስ የወጣው ገንዘብ በድርጅቱ ስም ተሰጥቶ ምስጋናው ለድርጅቱ ሲሆን አይቶ አዝኗል።

ታዲያ በማኅበር ማዋጣት ስሕተት ነውን? አይደለም። በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ረኃብ በሆነ ጊዜ የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ወደ ይሁዳ ልከዋል (ሐዋ. 11፥27-30)። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስ ምእመናን በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ጥቂት ጥቂት እንዲያስቀምጡ አዝዟል (1ኛ ቆሮ. 16፥1-2)። ዛሬ በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ ከዚህ ሥርዓት ብዙም አይርቅም። እንዲያውም ሐዋርያው ቆሮንቶሳውያንን ያተጋቸው በድህነታቸው ሳሉ የሰጡትን የመቄዶንያን ሰዎች እያነሣ ነውና የሌላውን ቸርነት አይቶ መነሣሣት በራሱ ነውር አይደለም።

ልዩነቱ ሐዋርያው አብሮ ባስቀመጠው ጥንቃቄ ላይ ነው። ትእዛዝ አድርጎ እንደማይናገር ገልጿል፤ ስጦታ የሚመዘነው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው እንዳልሆነ፣ ሌሎች እንዲያርፉ እነርሱ እንዲጨነቁም እንደማይሻ ጽፏል (2ኛ ቆሮ. 8፥8-13)። በኀዘንና በግድ መስጠትንም ከልክሏል (9፥7)። ገንዘቡን ብቻውን አለመያዙም ልብ ሊባል ይገባል፤ ማንም እንዳይነቅፈው ታማኝ ወንድሞችን አብረውት እንዲሄዱ አድርጓል (8፥18-21)። እኛ ዲያቆናት ደግሞ ይህን ልንረሳው አይገባንም። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ምእመናን መበለቶቻቸው በዕለት ምግብ ዕደላ ስለ ተዘነጉ ባጉረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ቅዱስ እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባቱን ዲያቆናት ሾሙ እንጂ (ሐዋ. 6፥1-6)። የተሾምንበት አገልግሎት የተጀመረው ከእንዲህ ያለ ቅሬታ ነው።

የአገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 59 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይደነግጋል። ነገር ግን በአለቃ ፊት፣ ወረቀቱን የያዘው ባልደረባ ቆሞ እየጠበቀ የሚፈረም ፊርማ ለሕግ ይበቃ እንደ ሆነ እንጂ ለልብ አይበቃም። በባህላችን ለነዳይ የሚሰጠው ያጣ ሰው «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያልፋል፤ ነዳዩም አይቀየምም፣ ሰጪውም አይዋረድም። በሚዞረው ወረቀት ላይ ግን «እግዜር ይስጥህ» የሚጻፍበት ቦታ የለም። ይሉኝታው የሚጠናውም ስለዚህ ይመስለናል።

ሐናንያና ሰጲራን እናስታውስ። ቅዱስ ጴጥሮስ መሬቱ ሳይሸጥ የእነርሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣናቸው እንደ ነበረ ለሐናንያ ነግሮታል (ሐዋ. 5፥4)። የጠፉት ጥቂት ስለ ሰጡ አይደለም፤ የሰጡትን ከሆነው በላይ አስመስለው ስለ ዋሹ ነው። ስምና የብር መጠን ጎን ለጎን በሚጻፍበት ወረቀት ላይ ይህ ፈተና ለሁላችንም ቅርብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትን ስታስቀምጥ ማን ስንት እንደ ጨመረ አይታይም፤ መሥሪያ ቤትም ስም የማይጻፍበት የታሸገ ሣጥን ማስቀመጥ፣ ከዚያም ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ ለሠራተኛው መንገር አይሳነውም። እውነቱን ከተናገርን ግን እኛም በዐውደ ምሕረት ለሕንፃ ሥራ ስንሰበስብ «እገሌ ይህን ያህል ሺህ» እያልን በድምፅ ማጉያ እናውጃለን። ጥቂት ያላት እናት በዚያ ሰዓት አንገቷን ስትደፋ አይተናል፤ ነቀፋው ከእኛ መጀመር አለበት።

«በግሌ እሰጣለሁ» የሚለውም ቃል መመርመር ይገባዋል፤ አንዳንዴ ምንም አለመስጠትን ይሸፍናልና። «ከደመወዜ ተቆርጧል» ብሎ በደጀ ሰላም ያለውን ነዳይ ዐይቶ እንዳላየ የሚያልፍም አለ።

ለእኅታችን የመለስንላት ይህን ነው። ጌታችን ወላጆች ሊረዱበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን» ብለው የሚያስቀሩትን ሰዎች ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)። አንቺ እንደ እነርሱ ተንኮል አላሰብሽም፤ አፍረሽ እንጂ። የሰጠሽውም በእግዚአብሔር ዘንድ አይጠፋም። ከእንግዲህ ግን የእናትሽ ድርሻ ይቅደም፤ ወረቀቱ ሲመጣ ከቀረሽ ላይ የምትችዪውን ጻፊ፤ ከሌለሽም መሥመሩን ባዶ ተዪው አልናት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስንገናኝ ወረቀቱ ዳግመኛ መዞሩን ነገረችን። 30 ብር ጽፋለች። እጇ መንቀጥቀጡን፣ ወረቀቱን የያዘው ልጅም «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል መሄዱን እየሣቀች አወጋችን። ለእናቷም የወሩን ልካለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።