ከጥቁሩ በፊት ነጩ

ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ለበዓል ዋዜማ አሥር ትእዛዝ ተቀበለ እንበል። ከየትኛው ይጀምር? አሥሩን ትእዛዝ በ3,628,800 ዓይነት ተራ መስፋት ይቻላል፤ በየደቂቃው አንዱን ተራ ቢፈትሽ ቀን ከሌት ሳያርፍ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቁልቁለቱን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ነገሩ ይብሳል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትእዛዙም ማሽኑም ብዙ ነው፤ ክሩ ሳይፈተል ሽመና፣ ጨርቁ ሳይሸመን ማቅለም የለም። ማቅለሚያውም ተራ ይመርጣል፦ ከነጣ ያለው ቀለም ወደ ጠቆረው ሲኬድ ሥራው ይቀጥላል፤ ከጥቁር ቀጥሎ ክሬም ከመጣ ግን ማሽኑ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ውሃውም ሰዓቱም ይባክናል። የነገሩን ክብደት ለማየት እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመን የአሥር ሥራና የአሥር ማሽን ጥያቄ እናስብ፤ ከሁሉ የተሻለው መልሱ የተረጋገጠው በ1989 ነው። ትእዛዝ ያዥ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ነው ጉንዳን የምትመጣው። ጉንዳኖች ወደ ምግብ የሚወስዱ አጭርና ረጅም መንገድ ሲያገኙ መጀመሪያ በሁለቱም ይሄዳሉ። በአጭሩ የሄዱት ቀድመው ስለሚመለሱ በመንገዱ የሚተዉት ሽታ እዚያ ይጠነክራል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ጣሊያናዊው ማርኮ ዶሪጎ እ.ኤ.አ. በ1992 የዶክትሬት ጥናቱ ይህን ወደ ስሌት ለወጠው። በኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዷ "ጉንዳን" አንድ የሥራ ተራ ትሞክራለች፤ ቶሎ የሚያልቀው ተራ ብዙ ምልክት ይቀመጥለታል። ምልክቱ እየተነነ መሄዱ ቁም ነገር ነው፤ ያለዚያ ሁሉም የመጀመሪያውን ደህና መንገድ ይዘው ይቀራሉ።

"ልምድ ያለው ፎርማን እያለ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። ነጩ ከጥቁሩ እንዲቀድም ያወቀው እርሱ ነውና እውቀቱ የስሌቱ መነሻ ይሁን፤ ሃምሳ ትእዛዝ ሲደራረብ ግን የማንም ጭንቅላት አይበቃውም። "መብራት በሚጠፋበት፣ ጥሬ ዕቃ በሚዘገይበት አገር ዕቅድ ከንቱ ነው" የሚለው ክርክር የበለጠ ይከብዳል። ሆኖም ዘዴው የሚያስፈልገን ለዚሁ ነው፤ ፍጹሙን መልስ ሳይጠብቅ ደህናውን ቶሎ ስለሚሰጥ፣ ዕቅዱ በፈረሰ ቁጥር በደቂቃዎች እንደገና ማውጣት ይቻላል። ተመራማሪው ኬኔት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ያነሱት ትችት ግን እውነት አለው፦ የእንስሳ ስም እየለጠፉ አሮጌውን ዘዴ አዲስ ማስመሰል በዝቷል። ስለዚህ ዘዴው የሚመዘነው በስሙ ሳይሆን በሚያተርፈው ሰዓት ነው።

ሰዓቱን ለመመዘን ደግሞ መጀመሪያ መመዝገብ ያስፈልጋል። አንዱ ትእዛዝ በየማሽኑ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ እጥበቱ ስንት እንደሚወስድ ካልተጻፈ ጉንዳኗ የምትከተለው ሽታ የላትም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ ከተማ ይገኛሉ። ተማሪ ሰዓትና ደብተር ይዞ ማቅለሚያው አጠገብ አንድ ፈረቃ ቢቆም፣ ውድ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።