የዕዝነ ልቡና ትምህርት

ተማሪዎቻችን በፈተና ወረቀት ላይ ተለዋጭ ዘይቤን ከተነጻጻሪ፣ ሰውኛን ከግነት ለይተው እያጠቆሩ፣ ያው ዘይቤ በዘፈን ግጥም ውስጥ ሲያልፍ ግን የማያስተውሉት ስለ ምን እንደ ሆነ ዘወትር ይጠየቃል። አንዱ የመጻሕፍትን ማነስ፣ አንዱ የዘመኑን ዘፈን መቅለል፣ ሌላውም የአብነት ትምህርት ከአስኳላው መለያየቱን በምክንያትነት ያቀርባል፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት እንዳለው ሳልክድ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚነገርለት፣ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት፣ ግጥሙ ለተማሪው የሚደርሰው በዓይኑ ብቻ መሆኑ ነው።

ፊደላችን በብዙ ነገር የተሟላ ሲሆን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አያሳይም፤ «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያስታውቃል፤ «ገና»ም እንደ አነባበቡ ወይ በዓለ ልደት ነው ወይ ያልደረሰ ጊዜ። ኅብረ ቃል ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚሁ በመጥበቅና በመላላት መካከል ስለ ሆነ፣ ባለቅኔው በአንድ ቃል ያሳደራቸው ሁለት ትርጉሞች በወረቀት ላይ ሲሰፍሩ አንድ መልክ ይይዛሉ፤ በዝምታ የሚያነበውም ልጅ አስቀድሞ የመጣለትን ይዞ ያልፋል። በአዝማሪ ቤት ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ሲሰጥ፣ አዝማሪው በመሰንቆው አጅቦ ያንኑ መልሶ ይለዋል፤ ይህ ድግግሞሽ ለጌጥ ብቻ የገባ አይመስለኝም፤ ሰሙን በፊተኛው የያዘ ጆሮ በኋለኛው ወርቁን እንዲደርስበት ፋታ ይሰጠዋልና።

የቅኔ ቤቱም ሥርዓት ከዚህ አይርቅም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚያድገው ደቀ መዝሙር፣ ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ወደ መምህሩ ቀርቦ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያቀናለታል ወይም ይጥልበታል። የሚጣልበትን ምክንያት ልብ ልንለው ይገባል፤ ወርቁ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ ሰሙ ካልተሸከመው፣ ባለቤቱም ከማሰሪያ አንቀጹ ጋር ካልተስማማ ቅኔው አይቆምም። እንግዲህ ደቀ መዝሙሩ ምሥጢርን መፈለግ ብቻ ሳይሆን፣ ምሥጢር በሌለበት ምሥጢር አለ ከማለት መታቀብንም ይማራል ማለት ነው።

ዛሬ አብልጦ የጎደለን ይህ ሁለተኛው ነው። አንድ የፍቅር ዘፈን በወጣ ጊዜ ከፊሉ አድማጭ የቃሉን ላይኛ ትርጉም ብቻ ይዞ ግጥሙን ባዶ ነው ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ ከስንኙ አንዲት ማስረጃ ሳይጠቅስ ስለ አገርና ስለ መንግሥት የተነገረ ስውር ቃል ነው ብሎ ይሟገታል፤ ድምፃዊውም ባላሰበው ነገር ሲወደስና ሲወቀስ ይኖራል። ሁለቱ ስሕተቶች ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የሚመነጩት ትርጓሜን በቃሉ አገባብ መዝኖ ካልለመደ ኅሊና ነው፤ ጉዳቱም በዘፈን ብቻ አይወሰንም፤ አደባባይ ላይ የተነገረ ንግግርና የሽማግሌ ተግሣጽ የሚሰማውም በዚሁ ጆሮ ነው።

አስኳላው ቅኔ ቤት ይሁን ማለቴ አይደለም። ነገር ግን መምህሩ ስንኙን አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ አንድ ጊዜ አላልቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ፣ ተማሪውም በሳምንት ሁለት ስንኝ ራሱ ገጥሞ በጓደኞቹ ፊት ቢያሰማና «ወርቁን ከየትኛው ቃል አገኘኸው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ይህ አዲስ መጽሐፍም ሆነ አዲስ በጀት የሚያሻው ነገር አይደለም። የሚያሠጋኝ ፈተናው ነው። አማራጭ ደርድሮ የዘይቤን ስም የሚያስመርጥ ፈተና ጆሮን የሚመዝንበት መንገድ የለውም፤ መምህሩም በስተመጨረሻ የሚጠየቀው ተማሪዎቹ ባመጡት ውጤት ስለ ሆነ፣ ያችን የንባብና የገጠማ ሰዓት ትቶ የዘይቤዎቹን ስም ወደ ማስጠናት ቢመለስ ልንፈርድበት አንችልም።