ክዳን ተከፈተ ማለት አየር ገባ ማለት አይደለም

«ኢንጂነር፣ ክዳኑ ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው፤ አየር ገብቶበታል።» የሥራ ደህንነት ባለሙያ ሆኜ በምዞርባቸው ሳይቶች ሁሉ ይህን እሰማለሁ። የሚሉት ፎርማኖች ግዴለሾች አይደሉም። ቤት መስኮቱ ሲከፈት ይነፍስ የለ? ቤት ግን ከመስኮቱ ሌላ በርም አለው፤ የጉድጓድ አፉ አንድ ነው። ነፋሱ በአፉ ላይ ያልፋል እንጂ ወለሉ ድረስ የሚያወርደው ነገር የለም።

ከሰፕቲክ ታንክ ዝቃጭ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ትንሽ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ «ሽታው እኮ ጠፋ» የሚለኝን ሠራተኛ ቶሎ ነው የማስወጣው።

ፍሳሽ ነክቶት የማያውቅ አዲስ የውሃ ማጠራቀሚያም ይገድላል፤ ይህን የሚያምነኝ ጥቂት ነው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ የካሳፎርማው እንጨት እዚያው ተዘግቶበት ለሳምንታት ይቆያል። እርጥብ እንጨት ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። መለኪያዬን በገመድ ሳወርድ አፉ ላይ 20.9 በመቶ ያነበበው ወለሉ ላይ 16 ሲል አይቻለሁ። ከ19.5 በታች ማንም አይገባም፤ ካሳፎርማ የሚፈታው ልጅ ግን መዶሻውን ይዞ መሰላሉ ላይ ቆሞ ነበር።

የድሮ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ኩራዝ ያወርዱ ነበር፤ ከጠፋ አይገቡም። ለኦክስጅን እጥረት ብልሃት ነው። ስለ መርዛማ ጋዝ ግን ኩራዙ የሚናገረው የለም፤ ሚቴን ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለበት ታንክ ደግሞ ራሱ ፍንዳታ ይሆናል።

መድኃኒቱ ብሎወር ነው፤ አቀማመጡን ካወቁበት። የቱቦው ጫፍ ወለሉ አጠገብ ካልደረሰ የሚታደሰው የላይኛው አየር ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ ጀነሬተሩ ነው። ገመዱ አጭር ስለሆነ ብሎወሩን ጭሱ አጠገብ የሚያቆሙ አሉ፤ ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድን በቱቦ ለሠራተኛው መላክ ነው። ጀነሬተሩ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጭሱን ከጉድጓዱ በሚያርቅበት በኩል መቆም አለበት።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 3 በ4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ታንክ 36 ሜትር ኩብ ይይዛል። ብሎወሩ ላይ በደቂቃ 20 ሜትር ኩብ ተብሎ ቢጻፍም ቱቦው ረዝሞ ሲጠማዘዝ 10 ቢሰጥ ነው። አየሩ ሰባት ጊዜ ያህል እንዲቀየር የምፈልገው እኔ 25 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች እለካለሁ። ሥራው ሲጀመርም ብሎወሩ አይጠፋም፤ አካፋው ዝቃጩን በነካው ቁጥር አዲስ ጋዝ ይለቀቃልና።

አንድ በያጅ ወንድማችን ብሎወር እስኪመጣ የኦክስጅን ሲሊንደሩን ጉድጓዱ ውስጥ ልክፈተው ብሎኝ ያውቃል። ልቡ ደግ ነው። ኦክስጅን የበዛበት ቦታ ላይ ግን አንዲት ፍንጣሪ ብቻ ዘይት የነካውን ቱታ ታነድደዋለች።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ጥናት ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ሊያወጡ የገቡ ናቸው ይላል። እኛ ዘንድ ወንድም ወንድሙን ከላይ ቆሞ አያይም፤ ዘሎ ይገባል። ስለዚህ የሚገባው ሰው ከመግባቱ በፊት ቀበቶ ታጥቆ ገመዱ ከላይ ይታሰራል፤ ከላይ ያለውም ሥራው መጎተት ብቻ ነው።

አሁን አሁን በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ «ብሎወር ከ10 ሜትር ቱቦ ጋር፣ የጋዝ መለኪያ» ብዬ ለብቻው መስመር አስገባለሁ። የዋጋ አጥኚዎቹ መጀመሪያ ሊሰርዙ የሚያዩት እሱን ነው፤ «ለግማሽ ቀን ሥራ?» ይሉኛል። አዎ፣ ለግማሽ ቀን ሥራ።