ወደ ቴኳንዶ ውድድር ሲኬድ፦ ተረቱና እውነታው

የቴኳንዶ ውድድር ሲቃረብ ክለቡ ውስጥ ምክር ይበዛል። ነባሩ ሰልጣኝ ለጀማሪው፣ ወላጅ ለልጁ፣ አንዳንዴም ማስተሩ ለሁሉም የሚነግረው አብዛኛው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ከመካከሉ ሰው የሚጎዳ ስላለ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

በቀላሉ እንጀምር። «ዕቃው እዚያው ይሰጣል» ይባላል። ነጥብ በኤሌክትሮኒክ በሚያዝበት ውድድር አዘጋጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ሆጉውን (የደረት መከላከያውን) እና የራስ መከላከያውን ነው። የክንድና የቅልጥም መከላከያ፣ ጓንት፣ የብልት መከላከያ፣ ማውዝ ጋርድ፣ ነጥብ የሚያስቆጥረው ካልሲም ጭምር ከራስ ሻንጣ ይወጣሉ። ካልሲው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዳኤዶ ኩባንያ ካልሲ በሌላው አምራች በኬፒኤንፒ ሆጉ ላይ አይሠራም፤ ልጁ የቱንም ያህል አጥርቶ ቢመታ ሰሌዳው ዜሮ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በየትኛው እንደሚጫወቱ ጠይቁ። ውድድሩ የዓለም ቴኳንዶ ሳይሆን የሌላው ዓለም አቀፍ ድርጅት የአይቲኤፍ ከሆነ ደግሞ ሆጉ የለም፤ የሚያስፈልገው ጓንትና የእግር መከላከያ ነው። አገራችን ውስጥ የሁለቱም ድርጅቶች ቴኳንዶ ስለሚዘወተር ጥያቄው የግድ ነው። በፈላ ውኃ ተነክሮ በጥርስ የሚቀረጸው ማውዝ ጋርድ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ተቀርጾ ልምምድ ላይ ይለመድ። ጥፍርም ይቆረጥ፤ ዳኛ ያያል።

አሁን ወደ ከባዱ። «ኪሎ በላብ ይወርዳል፤ ከሚዛን በኋላ ውኃ ስትጠጣ ይመለሳል።» ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ወጣት ከ58 በታች ለመግባት ላስቲክ ለብሶ፣ ከላዩ ቱታ ደርቦ ይሮጣል፤ ስቲም ይገባል፤ ምራቁን ሳይቀር በጠርሙስ ይተፋል። ሚዛኑ በእርግጥ ይወርዳል፤ አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ገደማ ነውና። የወረደው ግን ስብ ሳይሆን ውኃ ነው። የደም መጠን ሲቀንስ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፣ እግር ይዝላል። ብዙ ውኃ የጎደለበት ሰው ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠጥቶ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ነጻ ትግል ተወዳዳሪዎች በዚህ መንገድ ኪሎ ሲያወርዱ ሞተዋል፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሞት መካከል ያለው ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ በኮሌጆቹ ውድድር የላስቲክ ልብስና ሳውና ተከለከለ፣ ሚዛኑም ወደ ግጥሚያው ሰዓት ቀረበ። በዓለም ቴኳንዶ ታላላቅ ውድድሮች ሚዛን ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን ይደረጋል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን በዕጣ የተመረጡት እንደገና ይመዘናሉ። ከምድቡ ከ5 በመቶ በላይ የጨመረ አይጫወትም። ለ58 ኪሎ ምድብ ይህ 60.9 ኪሎ ነው።

መቀነስ ያለበት ሰው በሳምንታት ይቀንስ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ቀርተው ሩዝ፣ ፓስታ ወይም ድንች ቢበላ አንጀት ውስጥ የሚቆየው ያንሳል፤ ውኃ ሳይነካ ሚዛኑ ትንሽ ይቀላል። በዕድገት ላይ ላለ ልጅ ግን ይህንም አልመክርም። ልጁ ወደ ላይኛው ምድብ ይውጣ። ለሜዳሊያ ብሎ ልጅ የሚያስጠማ አሰልጣኝ ካለ ወላጅ እምቢ የማለት ሙሉ መብት አለው።

«ትንሽ መድኃኒት አይጎዳም» የሚሉም አሉ። የሚያሸና ክኒን በውድድር ጊዜም ሆነ ከውድድር ውጭ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ዝርዝር የተከለከለ ነው። በአንዳንድ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን በውድድር ዕለት ከተወሰነ መጠን ካለፈ ያስቀጣል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲንም እንዲሁ፤ ገደቡ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 5 ማይክሮ ግራም ነው። ለመንቃት ብሎ በዋዜማው የሚቅም ተወዳዳሪ ይህን ይወቅ።

ስለ ማሟሟቅ ብዙ አልልም። አንድን ጡንቻ ከደቂቃ በላይ ወጥሮ መያዝ ለጊዜው ጉልበት ይቀንሳል። ከመግባት በፊት እግር እያወናጨፉና ቀለል አድርገው እየመቱ መሞቅ ይሻላል።

የመጨረሻው «የራስ መከላከያ ካደረገ ጭንቅላቱ ምንም አይሆንም» የሚለው ነው። መከላከያው ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል፤ ራስ ቅል ውስጥ ያለው አንጎል እንዳይናወጥ ግን ማድረግ አይችልም። በወንዶች ቦክስ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በኦሊምፒክ ግዴታ የነበረው መከላከያ በ2016 በሪዮ እንዲወልቅ የተደረገውም በዚሁ ክርክር ምክንያት ነበር። በቴኳንዶ መከላከያው ይደረግ፣ እምነቱ ግን ይውለቅ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነዘዘ፣ የዞረበት ወይም የት እንዳለ የጠፋው ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም የዚያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም ከእንቅልፍ መንቃት ካስቸገረው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።