ከወለቃ እስከ ስሜን አፋፍ፤ የጥምቀት ማግስት ጉዞ



ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን፣ ታቦታቱ ከአፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወደየመንበራቸው ከተመለሱና ቃና ዘገሊላም ካለፈ በኋላ፣ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት አንድ ቀን ይተርፈዋል። እኛም በ2011 ዓ.ም. ይህች ቀን ተርፋን ነበርና፣ ጥር 13 ቀን ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አንዲት መኪና ከነአስጎብኚዋ ለቤተሰባችን ብቻ ተከራይተን ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አመራን። በዕድሜ የገፉት እናታችንም አብረውን ነበሩ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ወለቃ ተቀበለችን። ወለቃ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የኖሩባት መንደር ናት። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የሸክላው ሥራ ግን በመንደሪቱ ቀርቷል። እናታችን ከመንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ጀበና ገዝተው በነጠላቸው ጠቀለሏት።

ኮሶዬ ስንደርስ አስጎብኚው መኪናውን አስቆመ። ደጋው በድንገት ተቆርጦ፣ ከታች ቆላው በጉም ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። ከስሜን ማዶ በሰሜን በኩል ባለው በረሃ ውስጥ አበው እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩበት የዋልድባ ገዳም ይገኛል። ለአንዱ ዓይን ሙቀትና ድንጋይ ብቻ የሆነው ስፍራ ለሌላው የጸሎት ቤት መሆኑን እያሰብን መንገዳችንን ቀጠልን።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅ የመግቢያው ክፍያ ተከፈለ፤ ጠብመንጃ የያዘ ጠባቂም እንድንቀጥር ተነገረን። እኛም «በገዛ አገራችን ጠባቂ ምን ያደርግልናል?» ብለን አጉረመረምን። አስጎብኚው ግን በትሕትና፣ «ዲያቆን፣ ገደሉ አገሬውንና እንግዳውን አይለይም» አለን።

ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኙት ጭላዳ ዝንጀሮዎች በሣሩ ላይ ተቀምጠው እንደ አጫጆች ሣሩን በእጃቸው ይነቅላሉ። ጥቂት አለፍ ብሎ የጂንባር ወንዝ ከአፋፉ 500 ሜትር ያህል ወደ ጥልቁ ይወረወራል፤ በጥር ግን ውኃው ቀጥኖ እንደ ነጭ ፈትል ይታያል። ይህ ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ቀልጦ የረጋ ድንጋይ እየተደራረበ ከተከመረ በኋላ ወንዞች ቆርጠው ያወጡት መሆኑን የሥነ ምድር ሊቃውንት ያስረዳሉ።

እናታችን ጥልቁን አይተው «ሥራህ ግሩም ነው» እያሉ ወደ አፋፉ አንድ እርምጃ ተጠጉ። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ነጠላቸውን አንሥቶ ዓይናቸውን ሸፈነው። ጠባቂው ጠብመንጃውን ጥሎ ክንዳቸውን ያዘ፤ ወደ ኋላም መለሳቸው። ማጉረምረማችን ያን ጊዜ አሳፈረን።

ለምሳ የበዓሉን ዶሮ ወጥ ዘርግተን ጠባቂውን «ቅረብ» አልነው። «በዓሉ ይባረክላችሁ፤ እኔ ሙስሊም ነኝ» ብሎ ከከረጢቱ ቆሎ አወጣና አስቀድሞ ለእናታችን ዘገነላቸው። እርሳቸውም ወጥ ያልነካውን ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት፤ አብረንም በላን። ኋላም በእጁ ወደ ከፍታው እያመለከተ፣ «ቤታችን እዚያ ግጭ ነበረ» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ለዋልያው አስጊ በመሆኑ ግን በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ሠፈሩ፤ ፓርኩም በ2017 እ.ኤ.አ. ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እንግዲህ እኛ «ምንኛ ያማረ ሜዳ!» ብለን ያደነቅነው ሣር፣ ያ ሰው ሕፃን ሳለ የሮጠበት ደጅ ነበረ። በዚያ ስፍራ ያለፈ እንግዳ የከፈለው ዋጋ ቢበዛ የአንድ ቀን ኪራይ ነው፤ እነርሱ ግን ቤታቸውን ከፍለዋል።

በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ፓርኩ በእሳት ነደደ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ አስቀድሞ ግን እሳቱን በቅጠልና በአፈር የታገለው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ከዚያ በኋላ አስጎብኚውን በስልክ ብንጠይቀው፣ «መንገዱ አለ፤ የጠፋው እንግዳው ነው» ብሎ መለሰልን።

ውድ አንባብያን፣ ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲቃናላችሁና ወደዚያ ስትወጡ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ፤ ብርዱ ብርቱ ነውና ጋቢ ያዙ፤ ከአፋፉም ራቁ። ለአስጎብኚውና ለጠባቂው የሚገባቸውን ሳታጉረመርሙ ክፈሉ። ስንቃችሁንም ስታሰናዱ አብሯችሁ የሚውለውን ሰው አስቡ፤ ሁሉም የሚቆርሰው ዳቦ አይጉደል።

የወለቃዋ ጀበና እስከ ዛሬ በቤታችን አለች። በየጥምቀቱ ቡና ሲፈላባት እናታችን የመጀመሪያውን ስኒ ሲያነሡ፣ «ያን ክንዴን የያዘኝን ልጅ በያለበት ይጠብቅልኝ» ይላሉ፤ እኛም አሜን እንላለን።